አንድ ክትባት፣ አራት አገር፦ ሳይንስ ወደ ሕዝብ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚቀረው

የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያስከትለውን ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት ሥራ ላይ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ክትባቱ የቆመበት ሳይንስ በቶኪዮም፣ በኮፐንሀገንም፣ በደብሊንም፣ በኪጋሊም አንድ ነው። የጥናቶቹን ውጤት የትኛውም አገር የሚገኝ ሐኪም ኮምፒውተሩን ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ሆኖም በጃፓን 70 በመቶ ደርሶ የነበረው የተከታቢዎች ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ሩዋንዳ ደግሞ ክትባቱን በጀመረችበት በ2011 ከታለሙት ልጃገረዶች 93 በመቶ ያህሉን ከተበች።

ይህን ልዩነት በዕውቀት ማነስ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ገና ከመነሻው ይሰናከላል። የጃፓን እናቶች ከማንም ያላነሰ የተማሩ ናቸው። ጋዜጣ ያነባሉ፣ ሐኪም ቤት በቅርባቸው አለ። ሆኖም ሳይንስን ለሕዝብ ማስረዳት ሲባል በብዙ ምሁራን አእምሮ የሚመጣው ሥዕል ዛሬም አልተለወጠም። ሕዝቡ ባዶ እንስራ ነው፣ ሳይንቲስቱ ምንጭ ነው፣ ሥራው ውኃውን እየቀዱ መሙላት ነው። የብሪታንያ የሳይንስ አካዳሚ የሆነው ሮያል ሶሳይቲ በ1985 ባወጣው ዝነኛ ሪፖርት ሳይንቲስቶች ከሕዝቡ ጋር መነጋገርን እንደ ግዴታቸው እንዲቆጥሩት አሳስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ ተጻፈ፣ ብዙ ታየ፣ ብዙ ተነገረ። በ2000 ግን የአገሪቱ የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ችግሩ የመተማመን ነው፣ መፍትሔውም ንግግርን ወደ ውይይት መለወጥ ነው አለ። በመካከሉ ምን ተፈጠረ ቢባል የከብቶችን አንጎል የሚጎዳው የእብድ ላም በሽታ ነው። በ1990 የግብርና ሚኒስትሩ የከብት ሥጋው አስተማማኝ መሆኑን ለማሳየት ለትንሽ ልጃቸው በካሜራ ፊት በርገር ሲያቀርቡ ታዩ። በ1996 ደግሞ መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ለፓርላማ አመነ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡን የቱንም ያህል ዕውቀት ቢያጠጡት እንስራው የተሰነጠቀው ሌላ ቦታ ነበር።

ወደ ጃፓን ልመለስ። ታሪኩ በዝርዝር መነገር ያለበት ነው።

ጃፓን ክትባቱን ከመደበኛ የክትባት መርሐ ግብሯ ውስጥ ያስገባችው በኤፕሪል 2013 ነው። በዚያው ሰሞን ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ከክትባቱ በኋላ ታመሙ የተባሉ ልጃገረዶችን ማሳየት ጀመሩ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ መራመድ የተሳናቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ። ልጆቹ በእርግጥ ታመዋል፤ ይህን የካደ የለም። ጥያቄው ያመማቸው ክትባቱ ነው ወይ የሚለው ነበር፤ ካሜራ ግን ሕመምን እንጂ መንስኤን ማሳየት አይችልም። ጤና ሚኒስቴሩ በጁን 2013፣ ክትባቱ መደበኛ በሆነ በሁለት ወሩ፣ አንድ እንግዳ ውሳኔ አሳለፈ። ክትባቱን አልከለከለም፤ በነጻ መሰጠቱንም አላቋረጠም። «በንቃት ከመምከር» ብቻ ተቆጠበ። ወደ እያንዳንዱ ቤት ይላክ የነበረው የማስታወሻ ደብዳቤ ቀረ። ባለሥልጣናቱ ማለት የፈለጉት «እስክናጣራ ታገሱን» ነው። እናቶች የሰሙት ደግሞ «መንግሥት ራሱ ፈርቷል» የሚለውን ነው። በእነርሱ አልፈርድም፤ እኔም ብሆን የምሰማው ይህንኑ ነበር።

ለጊዜው የተባለው ዝምታ ከስምንት ዓመት በላይ ዘለቀ። በዚህ መሀል ማስረጃው መከማቸቱን አላቆመም ነበር። በናጎያ ከተማ ወደ 30,000 የሚጠጉ ወጣት ሴቶች የመለሱት መጠይቅ 24 የሕመም ምልክቶችን በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል አነጻጽሮ በክትባቱ ሊመካኝ የሚችል ልዩነት አላገኘም። ስዊድን ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሴቶችን የተከታተለው ጥናት ከ17 ዓመታቸው በፊት በተከተቡት ላይ የማኅፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን በ2020 ይፋ አደረገ። ነገር ግን 24 ምልክቶችን የሚደረድር ሠንጠረዥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከተቀመጠች አንዲት ልጅ ምስል ጋር ሲጋጠም ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ተመራማሪዎች በኋላ ባሰሉት ግምት መሠረት ይህ የዝምታ ዘመን በስተመጨረሻ ከ5,000 በላይ ሴቶችን ሕይወት ያስከፍላል። ግምት ነው፤ ይሞታሉ የተባሉት ሴቶች ገና ወጣቶች ናቸው፣ በሽታውም ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ ነው። እነዚህን ሴቶች ዛሬ የሚቀርጽ ካሜራ የሌለውም ለዚህ ነው።

ዴንማርክም ከዚሁ ጉድጓድ ገብታ ነበር። በ2015 የቀረበ አንድ የቴሌቪዥን ዘገባ የታመሙ ልጃገረዶችን ታሪክ ተረከ፤ ከ80 በመቶ በላይ የነበረው የተከታቢዎች ቁጥርም ከ40 በመቶ በታች አሽቆለቆለ። የዴንማርክ ጤና ባለሥልጣናት ግን ዝም አላሉም። ከካንሰር ማኅበሩና ከሐኪሞች ማኅበር ጋር ሆነው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ማዳመጥ ነው። የሚጠራጠረው ማን ነው? ከየት ሰማ? መልሱ ግልጽ ነበር፦ ክትባትን በጠቅላላ የሚቃወሙ ሰዎች አይደሉም፤ ሌላውን ክትባት ሁሉ ልጆቻቸውን ያስከተቡ፣ በዚህኛው ላይ ግን ልባቸው ያመነታ እናቶች ናቸው፤ የሚያወሩትም ፌስቡክ ላይ ነው። ስለዚህ በ2017 የተጀመረው ዘመቻ ወደዚያው ሄደ። ፍርሃት በተዘራበት ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ለሚጠየቀው ጥያቄ እዚያው መልስ እየሰጠ፣ ካንሰሩን ያለፉ ሴቶችን ታሪክ እያቀረበ ቀጠለ። ቁጥሩም መልሶ ወጣ።

የአየርላንድ ታሪክ የበለጠ የሰው ፊት አለው። እዚያ 87 በመቶ የነበረው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 50 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። በ2017 ላውራ ብሬናን የተባለች ወጣት፣ የማኅፀን በር ካንሰሯ የማይድን ደረጃ ላይ መድረሱ ከተነገራት በኋላ፣ ራሷ የአገሪቱን ጤና አገልግሎት አነጋግራ ልርዳችሁ አለች። በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ሚዲያ እየቀረበች ለወላጆች የምትናገረው በቁጥር አልነበረም፤ የሚታየው ራሷ ነበረች። በማርች 2019፣ በ26 ዓመቷ አረፈች። የተከታቢዎቹ ቁጥር ያን ጊዜ ማንሰራራት ጀምሮ ነበር።

እዚህ ላይ ምቾት የሚነሳኝ ነገር አለ። ላውራ ያሸነፈችው ተቃራኒዎቿ በተጠቀሙበት መሣሪያ ነው፤ በአንድ ፊት፣ በአንድ ታሪክ። የእርሷ ታሪክ ከጀርባው ማስረጃ ነበረው፣ የሌሎቹ አልነበረውም። ታሪኩን ብቻ ለሚያየው ተመልካች ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ሳይንስን በታሪክ ማስረዳት እንደሚያስፈልግ ዛሬ በየሥልጠናው ይሰበካል፤ ታሪክ ለእውነትም ለሐሰትም እኩል እንደሚያገለግል የሚያስጠነቅቅ ግን ብዙም አይሰማም።

ሩዋንዳስ? እዚያ ክትባቱ የሄደው ልጆቹ ወዳሉበት ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ተከተቡ፤ ከትምህርት ቤት የቀሩትን የመንደር ጤና ሠራተኞች በየቤቱ ፈለጉ። ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ሳይስፋፋ ጎረቤት የሆነች፣ በስም የምትታወቅ ሴት በር ላይ ቆማ አስረዳች። ሩዋንዳን የተረት አገር አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም፤ መንግሥት ቆርጦ በተነሣበት ጉዳይ እምቢ ማለት ቀላል ያልሆነበት አገር ነው። ግን በ2018 ከ140 በላይ አገሮች ውስጥ ከ140,000 በላይ ሰዎች የተጠየቁበት ዌልካም የተባለው የብሪታንያ የጤና ምርምር ድርጅት ጥናት ከባንግላዴሽና ከሩዋንዳ የተጠየቁት ሁሉም ማለት ይቻላል ክትባት አስተማማኝ ነው ሲሉ፣ የክትባት ፈር ቀዳጁ የሉዊ ፓስተር አገር በሆነችው በፈረንሳይ ከሦስት ሰዎች አንዱ አልስማማም ብሏል። ሕፃን በኩፍኝ ሲሞት ያየ ሰውና ኩፍኝን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለ ክትባት እኩል አይሰሙም። ከዚያ በላይ ግን መልእክቱን ያመጣው ማን ነው የሚለው ይወስናል።

ቁጥር ራሱስ ድንበር ሲሻገር እንደነበረ ይደርሳል? አይደርስም። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት በአምስት ከተሞች፣ በአምስተርዳም፣ በአቴንስ፣ በበርሊን፣ በሚላኖና በኒው ዮርክ፣ መንገደኞችን ቀላል የሚመስል ነገር ጠየቀ፦ «ነገ 30 በመቶ የመዝነብ ዕድል አለ» ሲባል ምን ማለት ነው? አንዳንዱ ነገ ለቀኑ 30 በመቶ ያህል ሰዓት ይዘንባል ማለት ነው አለ። ሌላው ከአካባቢው 30 በመቶ በሚሆነው ላይ ይዘንባል አለ። ትክክለኛው ትርጉም ነገን ከመሰሉ አሥር ቀናት በሦስቱ ይዘንባል የሚለው ነው፤ ይህን አብዛኛው ሰው የመለሰው በኒው ዮርክ ብቻ ነበር። የኒው ዮርክ ሰው ስለሚበልጥ አይደለም። የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት ከ1965 ጀምሮ ዝናብን በመቶኛ ሲናገር ስለኖረ ጆሯቸው ለመደው። ሌሎቹ ከተሞች ቁጥሩን ተቀበሉ እንጂ «ከምን ውስጥ 30 በመቶ?» የሚለውን የነገራቸው አልነበረም።

ዝናብ ቢበዛ ልብስ ያረጥባል። በኦክቶበር 1995 በብሪታንያ የሆነው ግን ከዚህ የከፋ ነው። የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴው አዳዲሶቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች አደገኛ የደም መርጋትን በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። መቶ በመቶ ጭማሪ! ዜናው በየሚዲያው ተስተጋባ፤ ብዙ ሴቶች እንክብሉን ጣሉ። ቁጥሩ ግን እንዲህ ነበር፦ የቀድሞውን እንክብል ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች አንዷ፣ አዲሱን ከሚወስዱት 7,000 ደግሞ ሁለቱ። ሁለቱም አነጋገሮች እውነት ናቸው። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ውርጃዎች እንደተፈጸሙ ተገምቷል። ደም የመርጋቱ ዕድል ደግሞ በእርግዝና ወቅት ከእንክብሉ ይብሳል፤ ሴቶቹ ከትንሹ አደጋ ሸሽተው ወደ ትልቁ ሄዱ ማለት ነው። አንድ ሰው እንኳ ሳይዋሽ።

እንዲህ ሲሆን ጣቱ ወዲያው ወደ ጋዜጠኛ ይጠቆማል። የጋዜጠኛ ጥፋት አለ፤ ነገር ግን በ2014 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት ነገሩን ወደ ምንጩ ወስዶታል። ተመራማሪዎቹ 20 ዩኒቨርሲቲዎች በ2011 ያወጧቸውን 462 ጋዜጣዊ መግለጫዎች ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ጋር አመሳከሩ። 40 በመቶ የሚሆኑት ለአንባቢ የሚሰጡትን ምክር ጥናቱ ከሚፈቅደው በላይ አጋንነዋል፤ ከሦስት አንዱ ገደማ ደግሞ በእንስሳት ላይ የተገኘውን በሰው ላይ እንደተገኘ አስመስሎ አቅርቧል። መግለጫው ሲጋነን ዜናውም አብሮ ይጋነናል። ማጋነኑ የተጀመረው በዜና ክፍል አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲው ሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ነው፣ መግለጫውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ተመራማሪው ራሱ አይቶ ያጸድቀዋል። ከዚያ ዜናው በዜና ወኪል ተቀባብሎ፣ በሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ ጥናቱን ከነጭራሹ አይቶት የማያውቅ አዘጋጅ እጅ ይገባል። በዚያ ደረጃ «ይችላል» የሚለው ቃል «ያደርጋል» ሆኖ ቢገኝ ማን ይገረማል?

ትርጉም ስል ቋንቋ ራሱ የሚያጠምደው ወጥመድም አለ። በቤተ ሙከራ «ፖዘቲቭ» ማለት የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው፤ ለታማሚው ግን መርዶ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «አዎንታዊ ውጤት» ብለን ስንተረጉመው ደግሞ ጭራሽ የምሥራች ይመስላል። «ንድፈ ሐሳብ» የሚለው ቃል ለሳይንቲስቱ በማስረጃ የተደገፈ ማብራሪያ ሲሆን ለብዙው አንባቢ ገና በወረቀት ላይ ያለ፣ በተግባር ያልታየ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ትምባሆ ከሚገኝበት ምድብ አንድ ውስጥ ሲያስገባ በየአገሩ የወጣው ዜና ቋሊማ እንደ ሲጋራ ይገድላል የሚል ነበር። ምድቡ የሚለካው ግን የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይደለም። ምድብ አንድ ማለት ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል ማለት ነው፤ ምን ያህል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ስያሜ ያወጡት ባለሙያዎች ለራሳቸው ለባለሙያዎች ነበር፤ ወደ አደባባይ ሲወጣ አብሮት የሚሄድ አስረጂ አልላኩም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማጽናናት ፍላጎት ይመስለኛል። በጣሊያኗ ላኩዊላ ከተማ ለወራት ትንንሽ የመሬት መንቀጥቀጦች ሕዝቡን እንቅልፍ ሲነሱት፣ አንድ ግለሰብም ትልቅ ይመጣል እያለ ሲያስፈራ፣ መንግሥት በማርች 31 ቀን 2009 የሳይንቲስቶችን ጉባኤ ጠራ። ከስብሰባው በፊት የሲቪል መከላከያው ምክትል ኃላፊ ለቴሌቪዥን ቀርበው ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች ጉልበቱን ስለሚያስተነፍሱት ሁኔታው ጥሩ ነው አሉ፤ እንግዲህ ዘና ብለን ወይን እንጠጣ ወይ ተብለው ሲጠየቁም በአዎንታ መለሱ። ሳይንሱ ይህን አይልም። ከስድስት ቀን በኋላ፣ በኤፕሪል 6 ሌሊት፣ በመጠን 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ 309 ሰዎችን ገደለ። መሬት ስትንቀጠቀጥ ከቤት ወጥቶ ማደር በከተማዋ የቆየ ልማድ ነበር፤ ያን ሌሊት የቀሩት አንዳንዶቹ በተነገራቸው ቃል ተማምነው እንደቀሩ ቤተሰቦቻቸው ለፍርድ ቤት መሰከሩ። በ2012 ስድስት ሳይንቲስቶችና ያ ባለሥልጣን የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2014 ሳይንቲስቶቹ በይግባኝ ነጻ ሲወጡ የባለሥልጣኑ ቅጣት ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አለ። የዓለም ሚዲያ ግን ዜናውን የተቀባበለው «ሳይንቲስቶች የመሬት መንቀጥቀጥን ባለመተንበያቸው ታሰሩ» ብሎ ነው። ክሱ ያ አልነበረም፤ ክሱ አደጋውን በሚገባ ሳይመዝኑ ሕዝቡን አዘናግተዋል የሚል ነበር። ስለ ሳይንስ አነጋገር የቀረበው ክስ ራሱ በአነጋገር ተጣሞ ዓለምን ዞረ።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ፤ ማስፈራራት። በ2014 ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ ሲዛመት ከመጀመሪያዎቹ መልእክቶች አንዱ «በሽታው መድኃኒት የለውም» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ የታለመውም ሰው እንዲጠነቀቅ ነው። የታመመ ልጅ ይዞ ለተቀመጠ አባት ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። መድኃኒት ከሌለው፣ ልጄን በፕላስቲክ ልብስ ለተሸፈኑ እንግዳ ሰዎች አስረክቤ ለምን ብቻውን ይሙት? በሽተኞች በየቤቱ ተደበቁ። ነገሩ መሻሻል የጀመረው «ቶሎ ከመጣችሁ የመትረፍ ዕድል አለ» ሲባል፣ ቀብሩም ቤተሰብና የሃይማኖት አባቶች ባሉበት በክብር እንዲፈጸም ሲደረግ ነው። ለዚህ ደግሞ የሰውን ባህልና ልማድ የሚያጠኑ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ከሐኪሞቹ ያላነሰ ሥራ ሠርተዋል።

በኮቪድ ጊዜ እነዚህ ስሕተቶች ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ተደገሙ። የአሜሪካ ዋና የጤና ኃላፊ በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ ሕዝቡ ጭንብል መግዛቱን እንዲያቆም በትዊተር ጻፉ፤ በኤፕሪል መጀመሪያ መንግሥታቸው ጭንብል አድርጉ አለ። ማስረጃ ሲለወጥ ምክር መለወጡ የሳይንስ ጤንነት ነው። የመጀመሪያው ምክር ግን በከፊል ጭንብል ለጤና ሠራተኞች እንዳያልቅ ከመስጋት የመጣ ነበር፤ ይህ ሰበብ «ጭንብል አይጠቅማችሁም» ከሚል አነጋገር ጋር ተደባለቀና ለውጡ ሲመጣ ውሸት መሰለ። በዚያው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ የቫይረስ ተመራማሪው ክሪስቲያን ድሮስተን በሕዝብ ሬዲዮ ፖድካስት ላይ መቅረብ ጀመሩ። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ጩኸት፤ ትናንት ያሉትን ዛሬ ሲያርሙ፣ ይህን አናውቅም ሲሉ ሚሊዮኖች ሰሟቸው። የዘመኑ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይሰማም የሚሉ የሚዲያ አማካሪዎች ይህን እንዴት እንደሚያስረዱት አላውቅም።

እንግዲህ ጃፓን ዝምታዋን የሰበረችው በኤፕሪል 2022 ነው፤ ደብዳቤው እንደገና በየቤቱ ይደርስ ጀመር። በዝምታው ዓመታት ዕድሉ ላመለጣቸው ሴቶችም በነጻ የመከተቢያ ጊዜ ተፈቀደ። መጀመሪያ ላይ የመጡት ጥቂት ነበሩ። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ፣ በ2024 በጋ፣ ሰው በድንገት ጎረፈና ክሊኒኮች ክትባት አነሳቸው፤ መንግሥትም ለጀማሪዎቹ ጊዜውን ለማራዘም ተገደደ። ከተሰለፉት አብዛኞቹ በ2013 ቴሌቪዥኑ ያን ምስል ሲያሳይ ገና ሕፃናት ወይም አፍላ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ያኔ የወሰኑላቸው እናቶቻቸው ናቸው።